“ጉበት አለብህ” ከተባለ በኋላስ?

በከተማችን “እገሌ ጉበት አለበት” ሲባል ሰምቶ የሚስቅ ሰው አላጋጠመኝም። አነጋገሩን ቃል በቃል ለወሰደው ግን የሚያስቅ ነው፤ ጉበት የሌለው ሰው የለምና። እንዲህ ስንል በሰውየው ደም ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኘ ማለታችን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወሬው በሹክሹክታ ይነገራል፣ ሰሚው ከንፈሩን ይመጣል፣ “እግዚአብሔር ይማረው” ይባላል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ በዚያ መዘጋት እንደሌለበት ማሳየት ነው። የሕክምናው ሳይንስ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ስለ ጉበት በሽታና ስለ ጉበት ካንሰር ብዙ ደርሶበታል። ዛሬ ሰው የሚሞተው መድኃኒት ስለጠፋ ብቻ አይደለም። በምርመራው ወረቀትና በመድኃኒቱ መካከል ያለው መንገድ ላይ ስለሚቀርም ነው።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ የዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ አደረገ። ውጤቱ “ብቁ አይደለም” የሚል ሆነ። ምክንያቱን ሲጠይቅ “ጉበት አለብህ” ተባለ። ወረቀቱን የሰጠው ክሊኒክ ቀጥሎ ወዴት መሄድ እንዳለበት አልነገረውም። ቤተሰቡ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለየለት፤ አንዱ ጠበል፣ ሌላው የባህል መድኃኒት ይሻላል አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉበቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የመረመረው ሰው አልነበረም። ተመሳሳይ ታሪክ ደም ለመለገስ ሄደው ከተመለሱ ሰዎችና በእርግዝና ክትትል ላይ ከነበሩ እናቶችም ሰምቻለሁ።

ዝምተኛው አካል

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታችን ሥር የተቀመጠ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን አካል ነው። ከምግብ የተገኘውን ስኳር ያከማቻል፣ ሐሞት ያመነጫል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፣ መርዛማ ነገሮችን ያጣራል። ከሌሎች የሆድ ዕቃዎች የሚለይበት ትልቁ ጠባዩ ግን ራሱን መተካቱ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍሉ በቀዶ ሕክምና ቢወገድ እንኳ የቀረው ጤነኛ ከሆነ በወራት ውስጥ መጠኑን መልሶ ያገኛል። አንድ ሰው በሕይወት እያለ ከጉበቱ ቆርሶ ለልጁ ወይም ለወንድሙ ሊሰጥ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ጉልበቱ መዘዝም አለው። የጉበት የውስጥ ክፍል የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮች የሉትም፤ የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። ስለዚህ ለዓመታት እየተጎዳ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ደም ማስመለስ ሲመጣ ጉበቱ የነበረውን አቅም አብዛኛውን ጨርሷል ማለት ነው። “ትናንት ደህና ነበር፣ በአንድ ወር ውስጥ አለቀ” የምንለው ሰው ብዙውን ጊዜ ለሃያ ዓመት ታሞ የኖረ ነው።

ከወፍ በሽታ እስከ ቫይረሱ

አያቶቻችን የዓይን ቢጫ መሆንን “የወፍ በሽታ” ብለው ጠሩት፤ የሌሊት ወፍንም ተጠያቂ አደረጉ። ዓለምም ቢሆን እውነተኛውን ጥፋተኛ ያወቀው ቅርብ ጊዜ ነው። አሜሪካዊው ባሩክ ብላምበርግ የሄፓታይተስ ቢን ምልክት በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኘው በ1960ዎቹ ሲሆን (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ በ1989 ታወቀ። ለዚህ ሥራ ሃርቬይ አልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ የኖቤል ሽልማትን የተጋሩት በ2020 ነው።

በእኛ አገር ዋናው ጉዳይ ቢ ነው። በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ግምገማ ከመቶ ሰው 7.4 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ፣ 3.1 ያህሉ ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ እንዳለበት አስልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቢና የሲን ሸክም ሁለት ሦስተኛ ይሸከማሉ ካላቸው አሥር አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ናት።

ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በጋራ ማዕድ፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም ግን አይተላለፍም። የአክስቴን ልጅ ሳህን መለየት ሰውየውን ከማሳዘን በቀር የጠቀመው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ ነጥብ አለ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ቫይረሱ ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ በወራት ውስጥ ያስወግደዋል፤ ሥር የሚሰድበት ከመቶ አምስት በማይሞሉት ላይ ነው። በተወለደበት ሰሞን የተያዘ ሕፃን ግን ከመቶ ዘጠና ያህል ዕድሉ በሽታውን ዕድሜ ልኩን መሸከም ነው። በሠላሳና በአርባ ዓመቱ በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ያገኘው ገና በጨቅላነቱ ነው።

ክትባቱ የሠራው ሥራ

የጉበት ካንሰርን በመከላከል በኩል እስካሁን ከተገኘው ሁሉ ትልቁ ነገር አንድ መርፌ ነው። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት ጀመረች። በ1997 የወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 በሆኑ ልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ካንሰር ከ100,000 ከ0.70 ወደ 0.36 መውረዱን አሳየ። ክትባት የሰውን ልጅ ከካንሰር ሊከላከል እንደሚችል በሕዝብ ደረጃ የታየበት የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነበር።

ኢትዮጵያ ክትባቱን አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ በሚከላከለው መርፌ ውስጥ አድርጋ በ2007 ጀመረች። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን በልጅነታችን አላገኘነውም ማለት ነው። ይህ መርፌ የሚጀመረው ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ተጨማሪ መጠን እንዲሰጥ ይመክራል፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገውን መተላለፍ የሚያቆመው እሱ ነውና። በ2024ቱ ሪፖርት መሠረት በአፍሪካ ቀጠና ይህን የመጀመሪያ ቀን ክትባት ያገኙት ሕፃናት ከመቶ 18 ብቻ ናቸው። በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ከሚያዙት ከመቶ 63ቱ የሚገኙትም በዚሁ ቀጠና ነው።

ጠባሳው ይመለሳል

ለብዙ ዘመናት የሕክምና ተማሪዎች ሲሮሲስ ማለትም የጉበት መጠባሰስና መጠጠር አንዴ ከመጣ አይመለስም ተብለው ተምረዋል። ይህ እምነት ተናግቷል። ቴኖፎቪር የሚባለውን መድኃኒት ለአምስት ዓመት የወሰዱ የሄፓታይተስ ቢ ታካሚዎች ጉበት ከሕክምናው በፊትና በኋላ በናሙና ተመርምሮ ነበር። በ2013 በላንሴት መጽሔት በታተመው ውጤት መሠረት መጀመሪያ ላይ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች ውስጥ 71ዱ በአምስተኛው ዓመት ሲሮሲስ አልነበረባቸውም። ቫይረሱ ሲታፈን ጉበቱ ጠባሳውን ራሱ እያፈረሰ አዲስ ሥጋ ተካ።

ቴኖፎቪር በኤችአይቪ ሕክምና የምናውቀው እንክብል ነው። በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም፤ ቫይረሱ በጉበት ሴል አስኳል ውስጥ የዘር መረጃውን ደብቆ ይቀመጣልና። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የተኛው ቫይረስ በድንገት ተነስቶ ጉበቱን ሊያጠቃው ይችላል። ቫይረሱን ከሥሩ ለመንቀል የሚደረገው ምርምር ግን ቀጥሏል። ቤፒሮቪርሰን በተባለ መርፌ ላይ በ2022 የወጣ ጥናት መድኃኒቱን ለ24 ሳምንት ከወሰዱት አሥር ሰዎች በአንዱ ያህል ላይ ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላም የቫይረሱ ምልክት ከደም እንደጠፋ መቆየቱን አሳይቷል። አሥር አንድ ትንሽ ቢመስልም ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን ብዙ ነው።

መድኃኒቱ አለ፣ ታካሚው የት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ይኖሩ ነበር። መያዛቸውን ያወቁት ከመቶ 13 ሲሆኑ መድኃኒት የሚወስዱት ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። በአፍሪካ ቀጠና ደግሞ ያወቁት ከመቶ 4 ያህሉ፣ የሚታከሙት ከሺህ 2 ያህሉ ነበሩ። በሌላ በኩል የቴኖፎቪር የወር ዋጋ በዓለም ገበያ እስከ 2.40 ዶላር ወርዷል። ስለዚህ ችግሩን ሁሉ በመድኃኒት ውድነት ማመካኘት አያስኬድም።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 የጀመሩት የሕክምና ፕሮግራም ብዙ አስተምሯል። ከ1,300 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ሩብ ያህሉ መድኃኒት ጀመሩ። ሕክምናው በእኛ አገር ሁኔታ ሊሰጥ እንደሚችል በተግባር ታየ። ከሞቱት መካከል በብዛት የነበሩት ግን ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ጉበታቸው ደክሞ ዘግይተው የመጡት ናቸው። መድኃኒቱ ያው አንድ ነው፤ የተለያየው የመጡበት ጊዜ ነው።

በመጋቢት 2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ መነሻ አድርጎ በሩን አስፍቷል። ቀድሞ መድኃኒት የሚጀመርላቸው ጉዳታቸው የገፋ ሰዎች ነበሩ። አዲሱ መመሪያ ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት እንዲታከሙ ያስችላል። የጉበት ጠባሳን ለመገመትም የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በአብዛኛው ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሁለት ምርመራዎች፣ ማለትም ኤኤስቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይምና የፕላትሌት ቁጥር፣ በአንድ ቀላል ስሌት ተዳምረው ብዙ ይናገራሉ። ስለዚህ “ቫይረሱ አለብህ፣ ነገር ግን መድኃኒት አያስፈልግህም” ተብሎ ከዓመታት በፊት የተሸኘ ሰው ዛሬ ተመልሶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከግብፅ የምንማረው

ሄፓታይተስ ሲን በተመለከተ ነገሩ ከዚህም የበለጠ አስደናቂ ነው። በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው ሶፎስቡቪር ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተዳምሮ በአብዛኛው በ12 ሳምንት ውስጥ ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑትን ታካሚዎች ፈጽሞ ይፈውሳል። መጀመሪያ ሲወጣ አንዱ እንክብል 1,000 ዶላር፣ ሙሉው ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር።

ግብፅ በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ሲ በጣም ከተጠቁት አገሮች አንዷ ነበረች። መነሻው ያሳዝናል፤ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በተካሄደው ዘመቻ በሚገባ ያልተቀቀሉ መርፌዎች ቫይረሱን ከሰው ወደ ሰው አዳረሱት። መንግሥት በ2014 ከአምራቹ ጋር ተደራድሮ የሕክምናውን ዋጋ ወደ 900 ዶላር ያህል አስወረደ፤ በኋላም በአገር ውስጥ በማምረት ከ100 ዶላር በታች አደረሰው። በ2018 እና በ2019 በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመረመረ። የተገኘበት ሰው ሁሉ ወደ ሕክምና ተላከ። ከአሥር ሰዎች አንዱን ይዞ የነበረው በሽታ ወደ ከመቶ 0.38 ወረደ፤ በ2023ም የዓለም ጤና ድርጅት ለግብፅ የምስክርነት ደረጃ ሰጣት። የግብፅ ብልሃት መመርመርንና ማከምን አለመነጣጠሏ ነው።

ካንሰሩ ሲመጣ

በ2022 በዓለም ላይ ወደ 866,000 ሰዎች በጉበት ካንሰር ሲያዙ 758,000 ያህሉ ሞተውበታል። በካንሰር ከሚመጡ ሞቶች ሦስተኛው ነው። እዚህም ላይ ጊዜ ሁሉን ይወስናል።

ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ማውጣት፣ በመርፌ ገብቶ በሙቀት ማቃጠል ወይም ጉበቱን መተካት ይቻላል። በ1996 በጣሊያን ሚላን የወጣው መመዘኛ አንድ ዕጢ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ወይም እስከ ሦስት ዕጢ ሆነው እያንዳንዱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ በንቅለ ተከላ ጥሩ ውጤት እንደሚገኝ አሳይቶ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ለመዳን ያለው ዕድል በእነዚህ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ውስጥ ይወሰናል ማለት ይቻላል።

ለገፋው ካንሰር ለረጅም ጊዜ ውጤት ያለው መድኃኒት አልነበረም። በ2007 የተፈቀደው ሶራፌኒብ ግማሾቹ ታካሚዎች የሚቆዩበትን ጊዜ ከ7.9 ወደ 10.7 ወር አሻገረ። በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ አቀረበ። ካንሰር የሰውነታችንን ወታደር ሴሎች ፍሬን ይዞ ያቆማቸዋል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ፍሬኑን ያስለቅቃል፣ ሁለተኛው ለዕጢው የሚሄደውን የደም ሥር ያመነምናል። በቀጣዩ ክትትል ግማሾቹ ታካሚዎች ከ19 ወር በላይ ሲቆዩ በሶራፌኒብ የነበሩት 13 ወር ተኩል ያህል ነበሩ። ዕድገቱ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ሰው የማይቀመስ ነው።

በ2017 ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በጉበት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። በግብፅ ግማሾቹ ታካሚዎች ወደ 11 ወር ሲቆዩ በሌሎቹ አገሮች የቆዩት ሁለት ወር ተኩል ነው። የእነዚህኞቹ መካከለኛ ዕድሜ ደግሞ 46 ነበር። ልጆች አሳዳጊ፣ ቤት አስተዳዳሪ የሚሆኑበት ዕድሜ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ግብፆች በየጊዜው በሚደረግ ክትትል ዕጢውን ቀድመው ማግኘታቸውና ማከማቸው ነው። ክትትሉ ደግሞ በየስድስት ወሩ የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው።

ስብ፣ ጫት፣ ቅጠልና ቡና

ቫይረስ የሌለበት ሰውም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ቀኑን በወንበር፣ ማታውን በጥሬ ሥጋና በቢራ የሚያሳልፈው የከተማ ባለሙያ በጉበቱ ላይ ስብ እያጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ቦርጭ፣ ስኳርና የደም ግፊት ካሉ ጥርጣሬው ይበረታል። ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት ሬስሜቲሮም በአሜሪካ የተፈቀደው በ2024 ነው። ሆኖም ከክብደት ከመቶ 7 እስከ 10 መቀነስ ብቻውን ጉበቱን በሚታይ ሁኔታ ያሻሽለዋል።

በሐረር በተደረገና በ2018 በታተመ ጥናት ጫት መቃም ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚቃመው በጨመረ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። “ቅጠል ነው፣ አይጎዳም” ለሚሉ ደግሞ የትግራዩን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ከ2001 ጀምሮ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ብዙ ሰው የጨረሰው ምንጩ ያልታወቀ የጉበት በሽታ በመጨረሻ የተያያዘው ከእህል ጋር ከተደባለቀ የአረም ዘር መርዝ ጋር ነው። ለታመመ ጉበት ያልታወቀ ቅጠል ጨምቆ ማጠጣት ለደከመ ሰው ሸክም መጨመር ነው።

አንድ የምሥራች ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ቡና መጠጣት ከጉበት ካንሰር መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። ስኳሩን ቀነስ አድርገን ሦስተኛዋን ብንጠጣት ጉበታችን አይቀየመንም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሁላችንም አንድ ጊዜ እንመርመር። ቫይረሱ ያልተገኘበትና ያልተከተበ ሰው ሦስቱን መርፌ ይውሰድ።

ሁለተኛ፣ የተገኘበት ሰው የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የጉበት ኢንዛይም፣ ፕላትሌት፣ አልትራሳውንድና ሲቻል ቫይራል ሎድ የሚባለው የቫይረሱ መጠን ይታይ። በሽታው ሥር መስደዱ የሚረጋገጠው ቫይረሱ ከስድስት ወር በኋላም ሲገኝ ነው። በወላጅ ወይም በወንድም እህት የጉበት ካንሰር ከነበረ ለሐኪሙ ይንገር።

ሦስተኛ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ ወንድምና እህቶች ይመርመሩ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ሐኪሟ ቀድሞ ይወቅ፤ በእርግዝና ወቅት የሚሰጥ መድኃኒትና በተወለደበት ቀን የሚሰጥ ክትባት ሕፃኑን ያድኑታል።

አራተኛ፣ “መድኃኒት ገና ነው” የተባለም ቢሆን ከክትትል አይጥፋ። በየስድስት ወሩ መታየት ሕይወት ነው።

ምርመራ የሚሠሩ ተቋማትም ለሰው “አለብህ” ብለው ሲነግሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት አብረው ቢሰጡ ከብዙ ሺህ ብር ሕክምና ይበልጣል። እኛም በሚቀጥለው ጊዜ “እገሌ ጉበት አለበት” ሲሉን ከንፈር ከመምጠጣችን በፊት “ክትትል ጀመረ ወይ?” ብለን እንጠይቅ።

ቸር እንሰንብት።